ለእናቴ የማኪያቶ ማሽን ስመርጥ

እናቴ «ማኪያቶ አማረኝ» ያለችው በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የታጠበ ልብስ እያጣጠፍን ነበር። ቃሉ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነውር የተናገረች ይመስል በጥቁር ሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

እህቴ ካረፈች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። ኩላሊቷ ነው። ሐኪም ቤት የተኛችው ሦስት ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ ትድናለችም ብለን ስላሰብን፣ በደንብ እንኳ አልተሰናበትናትም። በእነዚያ ሰባት ወራት እናቴ ስለ እሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ ታለቅሳለች፤ ሰው ሲሄድ ዝም ትላለች። እኔ «እሷ እኮ እንዲህ ትል ነበር» ብዬ ልጀምር ስል ተነሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለት ነን። ሁለት ሰዎች ዝም ሲባባሉ ቤቱ ምን እንደሚሆን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። አንድ ነገር ግን እፈራ ነበር። እህቴን ሁለት ጊዜ እንዳላጣት፤ አንዴ በሞት፣ አንዴ ደግሞ ስለ እሷ የሚያወራኝ ሰው አጥቼ።

ስለዚህ «ማኪያቶ አማረኝ» ስትል የያዝኩትን ሸሚዝ ለቀቅሁት። እኛ ቤት ማኪያቶ ማለት እህቴ ናት።

አዳማ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለ ካፌ አስራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ደንበኞቹ ባሪስታ ይሏታል፤ እሷ ግን «ማሽን ላይ ነኝ» ነበር የምትለው። ቅዳሜ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ፣ ፈረቃዋ ሊያልቅ ሲል፣ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ትሄዳለች። ባንኮኒው አጠገብ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ የእሷ ናት። እህቴ አስተናጋጅ ሳትልክ ራሷ ጠቆር ያለ ማኪያቶ ይዛላት ትመጣለች። ከዚያ ሁለቱ በእግራቸው እያወሩ ወደ ቤት ይመለሳሉ። እኔ አንድም ቀን አብሬያቸው ተቀምጬ አላውቅም። ይጠሩኝ ነበር። ኳስ አለ እላለሁ፤ ሥራ አለኝ እላለሁ። ይኼን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

«ሄደን ለምን አንጠጣም?» አልኳት።

«ይኼን ለብሼ?» አለች ጥቁር ቀሚሷን ጎተት አድርጋ። «ልጇን ቀብራ፣ ሙት ዓመቷ እንኳ ሳይወጣ ካፌ ተጎልታለች ይበሉኝ?»

እውነቷን ነው። ሰው ባይናገር እንኳ ያያል። ደግሞ ያንን ማሽን ሌላ ሰው ሲሠራበት ማየት አትችልም፤ እሱን አልተናገረችውም፤ ግን ገብቶኛል።

በማግስቱ ፔርሙዝ ይዤ ወደ ካፌው ሄድኩ። አሁን በእህቴ ቦታ የቆመችው ልጅ እህቴ ራሷ ያሠለጠነቻት ናት። ስታየኝ ደነገጠች። ምንም ሳትጠይቀኝ ሁለት ማኪያቶ ሠርታ ፔርሙዙ ውስጥ ገለበጠችልኝ። በባጃጅ እየበረርኩ ቤት ደረስኩ። የሰፈራችን መንገድ ግን ኮብልስቶን ነው። ስቀዳው አረፋው ጠፍቶ፣ ቡና የነካው ወተት ብቻ ሆኖ ወረደ። እናቴ አንድ ጊዜ ፉት አለችለት። «ተባረክ ልጄ» አለችኝ። ብርጭቆውን ግን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ገፋችው።

ማሽን ለመግዛት የወሰንኩት ያኔ ነው።

የምሠራው መኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሻጭ ነኝ። ፓምፕ አውቃለሁ፣ ጎማ አውቃለሁ፣ የቱ ዕቃ በወሩ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ስልክ ልቀይርበት ያጠራቀምኩት ትንሽ ገንዘብም ነበረኝ። የቡና ማሽን መምረጥ ምን ያቅተኛል አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት መናኸሪያው አካባቢ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው። ሻጩ በእኔ ዕድሜ ነው። ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ የሚያብረቀርቅ ማሽን አወረደልኝ።

«ወንድሜ፣ ካፌዎቹ ያላቸው ዘጠኝ ባር ነው። ይቺ ሃያ ባር ናት። ሃያ!»

«ባር ምንድን ነው?»

«ጉልበት ነዋ! ከዘጠኝና ከሃያ የቱ ይበልጣል? ትምህርት ቤት አልገባህም እንዴ?»

«አስራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ።»

«በቃ፣ ታዲያ ቁጥር ታውቃለህ።»

ማሽኑን አንሥቼ በእጄ መዘንኩት። ባዶ ካርቶን ያነሣሁ መሰለኝ። እኛ ሱቅ እንዲህ የሚቀልና የሚያበራ ዕቃ ሲመጣ ገዢው እንደሚመለስ አስቀድመን እናውቃለን። ዋጋውም ቢሆን አቅሜ አልነበረም። «ልመለስ» ብዬ ወጣሁ። «ሃያ ባር!» አለኝ ከኋላዬ።

ከዚያ ጎረቤታችንን አስታወስኩ። ቤይሩት ሠርታ የመጣች ናት፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ እትዬ ነው የምላት። ቤቷ ማሽን እንዳለ አውቃለሁ። ብፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ አጠገቡ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦ። ዳንቴሉን ገልጣ አሳየችኝ፤ አንድ ጭረት የለበትም።

«ውሰዳት» አለችኝ፤ «ለእናትህ ከሆነ በነጻ ውሰዳት። ግን የምትበላውን ከየት ታመጣለህ?»

«ምንድን ነው የምትበላው?»

«ይቺ እንደ እኛ ቡና አትበላም። በእሽግ የመጣ እንክብል ነው የምትጎርሰው። እሱ ካለቀ ሦስት ዓመቱ። አሁን ብፌዬን ትጠብቅልኛለች።»

ሁለታችንም ሳቅን። ዳንቴሉን መልሳ አለበሰቻት። በነጻ ልትሰጠኝ እንደነበር ግን አልረሳውም።

ወደ መካኒኩ የላከችኝም እሷ ናት። አዳማ ውስጥ ያሉትን ካፌዎች ማሽን የሚጠግን ሰው ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እህቴ ስትቀበር ከሬሳ ሳጥኑ ኋላ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ አነጋግሬው ግን አላውቅም ነበር። መጠገኛው ውስጥ ትልልቅ ማሽኖች እንደ ታረደ በሬ ሆዳቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል።

«አካም ጅርታ፣ ጋሼ» አልኩት።

«ፈያ፣ ፈያ። ና ግባ። ወንድሟ አይደለህ?»

የሚቀመጥበትን ጀሪካን ለእኔ ሰጥቶኝ እሱ ቆመ።

«እህትህ» አለኝ፣ «ማሽን ሲታመም በድምፁ ታውቃለች። ትደውልልኝና ‹ጋሼ፣ ዛሬ ያስነጥሰዋል› ትለኛለች። ሄጄ ስከፍተው እውነትም እንዳለችው ነው። ሌሎቹ እስኪሰበር ይጠብቃሉ።»

ይኼን አላውቅም ነበር። ስለ እሷ አዲስ ነገር ከሰማሁ ሰባት ወር አልፎኝ ነበር።

የመጣሁበትን ነገርኩት። እሱም መጠየቅ ጀመረ።

«ስንት ሰው ነው የሚጠጣው?»

«እናቴ ብቻ።»

«በቀን ስንት?»

«አንድ።»

«ታዲያ ሃያ ባር ምን ይሠራልሃል? ኑግ ልትጨምቅ ነው?» ሳቀብኝ። «ዘጠኝ ይበቃል። የቀረው ካርቶኑ ላይ የሚጻፍ ነው።»

ከዚያ የነገረኝን ሁሉ ስልኬ ላይ ጻፍኩት። የቡናው ዱቄት የሚገባበት ባለ እጀታ ማንኪያ ከባድ ብረት ይሁን፤ ብረቱ ካልከበደ ሙቀት አይዝም። ስክሪን ያለውን ተው፤ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሚያብደው እሱ ነው፤ ቁልፍ ብቻ ያለው ይሻልሃል። ማንኪያው የሚገጥምበትን ጎማ አውጥተህ ልኩን እይ፤ አዳማ ውስጥ የማይገኝ ልክ ከሆነ አትግዛ፤ ማሽን የሚሞተው በጎማ ነው። ይኼ ወዲያው ገባኝ፤ መኪናም እንደዚያው ነው። የእኛ ውሃ ደግሞ ኖራ አለበት፤ የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እይ፤ በየወሩ በአቼቶ ማጠብ አለብህ። መፍጫ አትግዛ፣ ገንዘብህ አይበቃም፤ ልጅቷ ካፌ ውስጥ ትፍጭልህ።

«ዋናው ግን» አለኝ ጣቱን ቀስሮ፣ «እንፋሎቱ ነው። የእናትህ ነገር ማኪያቶ ከሆነ፣ ወተቱን የሚያሞቀው ቱቦ ጉልበት ከሌለው ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ነው። እንፋሎቱን አይተህ ግዛ።»

እኔም ይኼን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ማሽን ሳይ የምጠይቀው ወተት ወተት ብቻ ሆነ።

የቤት ማሽን፣ ያገለገለ ግን ንጹሕ፣ ሻሸመኔ ውስጥ እንደሚሸጥ ቴሌግራም ላይ ያየሁት በየካቲት ነው። ዋጋው ከሱቁ ግማሽ አይሞላም። መካኒኩ ፎቶውን አይቶ «ይኼ ደግ ዕቃ ነው፤ ሂድና ስታስነሣው ደውልልኝ» አለኝ። እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የማሽኑ ባለቤት የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት። ለደንበኞቿ ብላ ነው የገዛችው።

«ለምን ትሸጪዋለሽ?» አልኳት፣ እንከን እንዳለው ለማወቅ።

«ደንበኞቼ ማኪያቶ እየጠጡ ከወንበር አልነሣ አሉኛ! ፀጉር ቤት ነው የከፈትኩት፣ ካፌ ነው?»

«እኛ ምን አደረግን?» አለች አንዷ ፀጉሯ እንደተጠቀለለ።

«አንቺማ ዋናዋ ነሽ።»

ወደ መካኒኩ በቪዲዮ ደወልኩ። ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጋሁ። «ዝም በሉ አንዴ» አለ ከስልኩ ውስጥ። የፀጉር ማድረቂያው ጠፋ። ስድስት ሴቶች እስትንፋሳቸውን ይዘው ማሽኑ ውሃ ሲስብ አዳመጡ። እንፋሎቱን ስከፍተው ፉጨቱ መስተዋቱን አደበዘዘው።

«ይተነፍሳል» አለ መካኒኩ። «ያዘው።»

ሴትዮዋ ፂሜንና ጥቁር ሸሚዜን ያየችው ያኔ ይመስለኛል። «ማን ሞቶብህ ነው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እህቴ። ካፌ ውስጥ… ማሽን ላይ ነበር የምትሠራው።»

ሴቶቹ አንድ ላይ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሴትዮዋ ሳልጠይቃት ከዋጋው ቀነሰችልኝ። ወተት የሚሞቅበትን ትንሽ የብረት ጆግም ከመደርደሪያ አውርዳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችልኝ። «ያለዚች አይሆንልህም» አለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። እግዜር ይስጣት።

ስመለስ ካርቶኑን ታቅፌው ነበር። መቂ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ሽንኩርት በኬሻ ተጫነበት፤ ረዳቱ ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ያ ምንድን ነው፣ ጄኔሬተር ነው?»

«የቡና ማሽን ነው።»

«ሚኒባሱ ውስጥ ካፌ ልትከፍት ነው? ለእኔ አንድ ነጭ በላታ!»

«ለሹፌሩ ጠቆር ይበል፣ እንዳይተኛብን» አለ ሌላው ከኋላ።

ሽንኩርቱን ያስጫኑት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ካርቶኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ቡና በጀበና ምን ጎደለውና ነው?»

«ለእናቴ ነው» አልኳቸው። «ማኪያቶ አምሯት ነው።»

ትንሽ አሰቡና «ለእናትህ ከሆነስ ደግ አደረግህ» አሉ። ኬሻቸውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ለካርቶኑ ቦታ ለቀቁለት።

ሞጆ ስንደርስ ሥጋ ቤቶቹ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ምን ጉድ ነው አልኩ በልቤ። እሑድ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት ስገባ እናቴ አልነበረችም። ካርቶኑን አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። በማግስቱ ሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ ከወተት ሻጯ አንድ ሊትር ትኩስ ወተት ገዛሁ። ወተት ሻጯ ትክ ብላ አየችኝ፤ ምንም ግን አላለችም። ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ወልውዬ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ወተቱን በብረቱ ጆግ አድርጌ አጠገቡ አቆምኩት። እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች።

በሩ ላይ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማሽን ነው እማዬ። ማኪያቶ… አምሮሽ አልነበር?»

ቀርባ በመዳፏ ላዩን ዳበሰችው። ልጅ የምታሻሽ ነበር የምትመስለው። ብዙ ቆየች። ዓይኗ ወደ ጆጉ ሄደ።

«ወተቱስ?»

«ለማኪያቶው ነዋ።»

«ልጄ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ እኮ ሁዳዴ ገባ።»

ደርቄ ቀረሁ። የሐዘን ቤት ስለሆንን ዘንድሮ ቅበላ አላልንም፤ ሥጋም አልገባ፣ ሰውም አልተጠራ። እናቴ ያው ከቀብሩ ወዲህ ሥጋ ሳትቀምስ ነው የከረመችው። እኔ ደግሞ ወሩን ሙሉ ስለ ወተትና ስለ እንፋሎት ሳስብ ቀኑ አልፎኛል። የሰው አገር ሰው ቢሆን አንድ ነገር ነው። እኔ የተጠመቅሁ ልጅ፣ በሁዳዴ መግቢያ ሊትር ወተት ይዤ ቆሜያለሁ።

እናቴ ሳቀች።

መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው፤ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለች። «አንተ ልጅ! አምሳ አምስት ቀን ቀድመህ ነው የገዛኸው?» እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰባት ወር፣ እንዲያውም ስምንት፣ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። እኔም እያፈርኩ ሳቅሁ።

ወተቱን ለጎረቤታችን ወሰድኩላት። እነሱም በዚያው ሰሞን ረመዳንን ይጾማሉ፤ ግን ማታ ለማፍጠሪያ ይጠጡታል። «ለልጆቹ ነው ለእኔ?» አለችኝ። «ለሚቀድም» አልኳት።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጥቁሩን ቡና ብቻ ልሞክር አልኩ። ቤት ውስጥ ያለው በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ነው። ሞልቼ፣ ገጥሜ ቁልፉን ተጫንኩ። እንደ ቧንቧ ውሃ ጭው ብሎ ወረደ፤ መልኩ የሻይ።

«ይኼ ሮጠ» አለች እናቴ ከኋላዬ።

«ምን አልሽ?»

«ሮጠ። እንዲህ ሲሆን ‹ሮጠብኝ› ነው የምትለው እሷ። ዱቄቱ ሸካራ ነው ማለት ነው።»

አልዞርኩም። ቀና ብዬም አላየኋትም። ርግብ አጠገብህ ስታርፍ ሳትንቀሳቀስ እንደምትቆመው ዓይነት ቆምኩ። «እሷ» ብላ ስለ እህቴ አንሥታ ነበር።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አልኩ፣ ማሽኑን እያየሁ።

«ያቺ ልጅ ትፍጭልህ። ግን የጀበና እንዳይመስላት ንገራት።»

ልጅቷ ፈጨችልኝ። ዱቄቱን ስትሰጠኝ «እናትህ ትቀየመኛለች ብዬ ነው ያልመጣሁት» አለችኝ። «በእሷ ቦታ ቆሜ…» «አትቀየምሽም» አልኳት፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ያን ቀን ቡናው ደግሞ አልወርድ ብሎ ጠብ ጠብ አለ። «አሁን ደግሞ አነቀው» አለች እናቴ። «ላላ ታድርገው በላት። እንደ ማር እየተሳበ ነው መውረድ ያለበት። ዝናብ ያረገዘ ቀን ደግሞ ትንሽ ሸካራ ይደረጋል።»

እናቴ ማሽን ነክታ አታውቅም። ይኼን ሁሉ ከየት አመጣችው? ማታ ማታ እህቴ ከሥራ ስትገባ የቀኝ እጇ አንጓ ያብጣል፤ ቡናውን ቀኑን ሙሉ ስለምትጠቀጥቀው ነው። እናቴ በቅባት ታሽላታለች። እየታሸች ታወራለች። እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ። አስራ አንድ ዓመት የተወራው ሁሉ ከእናቴ ዘንድ ነበር ያለው። እኔ ባዶዬን ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስገባ አንድ አንድ ብርጭቆ እንሠራለን። እናቴ ጥቁሩ ብቻውን ስለሚከብዳት ግማሹን ሻይ እየጨመርን ስፕሪስ አደረግንላት። እየጠጣች ታወራለች፤ እኔ እጠይቃለሁ። እህቴ ሥራ በጀመረችበት ሳምንት ሦስት ሊትር ወተት አሳርራ፣ ባለቤቱ እንዳያይ በር ላይ ያለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ እንደደፋችው ሰማሁ። አበባው ደረቀ። ባለቤቱ ወር ሙሉ «ማነው አበባዬን ያሟረተብኝ?» እያለ ሠራተኛውን ሁሉ ሲጠይቅ እሷም አብራ ታፋልግ ነበር አሉ። እናቴ ይኼን ስትነግረኝ የባለቤቱን ድምፅ እያስመሰለች ነው።

ሁሉም ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሳይሞቅ ቀረ፤ እኛም እንደለመድነው አጠገቡ ተቀምጠን ቀረን። እናቴ ብርጭቆውን ባዶውን ይዛ ታዞረው ነበር።

«ወገቤን ያመኛል ትለኝ ነበር» አለች።

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

«ቆመሽ ስለምትውዪ ነው እላታለሁ። አሻታለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሳሻት ነበር። ኩላሊቷ መሆኑን ምን አውቄ? በዚህ እጄ እኮ ነው የማሻት። ሐኪም ቤት ሂጂ ብላት ኖሮ…»

ዝም ያለችው ለዚህ ነበር። ስምንት ወር ስለ እህቴ አፏን ያልከፈተችው፣ አንዱን ከጀመረች ይኼኛው እንዳይወጣ ፈርታ ነው። እኔ ሐዘኗ ነው ብዬ ነበር። እንዴት እንደማጽናናት አላወቅሁም። የሚነገሩትን ቃላት አውቃቸዋለሁ፤ እግዜር የፈቀደው ነው፣ ቀኗ ነው፤ ሁሉም ሰው ብሏታል።

«እኔም አንድ ቤት ውስጥ ነበርኩ እማዬ» አልኳት። «ያመኛል ስትል እኔ ሰምቼ እንኳ አላውቅም። አንቺ ቢያንስ አሽተሻታል።»

አየችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጭንቅላቴን ወደ ትከሻዋ ሳበችው። «ደስ ይላት ነበር ሳሻት» አለች። «ትተኛለች እዚያው።» መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ጧ ብሎ ስለተነሣ ሁለታችንም ደነገጥን።

ወተቱ የመጀመሪያ ቀን ተፈልቶ ቢሆን ኖሮ እናቴ አንድ ማኪያቶ ትጠጣ ነበር፤ «ተባረክ» ትለኝ ነበር፤ ምናልባትም ታለቅስ ነበር፤ ከዚያ ማሽኑ እንደ ጎረቤታችን ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር። ይኼን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ቀኑን ስለረሳሁ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በሕይወቴ ካጠፋኋቸው ጥፋቶች እንደዚያ የጠቀመኝ የለም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ወተት ገዛሁ። ወተት ሻጯ «አሁንስ ትክክል ነህ» አለችኝ።

ቱቦውን ጆጉ ውስጥ ከትቼ እንፋሎቱን ስከፍተው ወተቱ ጮኸ፤ አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እናቴ «ተነሥ ወዲያ» አላለችኝም። ከጎኔ ቆመች። «መጀመሪያ ይንሾካሾካል» አለች። «ጫፉን ላዩ ላይ ያዘው። ሲንሾካሾክ ዝቅ አድርገው። ጆጉ እጅህን ሲያቃጥልህ አውጣው። ሊጮህ ሲል ነው እንጂ ከጮኸ በኋላ አይደለም።» ሁለተኛውን እሷ እንዳለችው አደረግሁ። ቡናው እንደ ማር ተሳበ። ወተቱን ቀስ አድርጌ ጨመርኩበት።

እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጥቁር ቀሚሷን አስተካከለች። ብርጭቆውን አንሥታ በብርሃን አየችው። ፉት አለች። ደግማ ፉት አለች።

«የእሷን አይደርስም» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ማንስ ይደርስበታል። ማኪያቶ ግን ነው።»

ወደ ጎን አልገፋችውም። ጨርሳ ታችኛውን አረፋ በማንኪያ ስትጠርግ ጎረቤታችን ልጆቿን ይዛ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለች ገባች።

«ይቺ ናት ማንኛውንም ቡና የምትበላዋ? የእኔዋን ሞልቃቃ ታስንቃለች!»

«ነይ ተቀመጪ» አለች እናቴ። ወንበር ሳበችላት። «ስለ አበባው ነግሬሻለሁ? ልጄ ሥራ የጀመረች ሰሞን ያደረቀችው አበባ?»

«የምን አበባ?»

እናቴ ከመጀመሪያው ጀመረች። ወተቱ ሲያር፣ ባለቤቱ ከውጭ ሲመጣ፣ እህቴ ጆጉን ቀሚሷ ሥር ደብቃ ወደ በሩ ስትሮጥ። እኔ ሲነገረኝ የጆጉ ነገር አልነበረበትም፤ አዲስ ነው። ለመስማት ቆም አልኩ።

«ምን ትገተራለህ?» አለችኝ ወሬዋን ሳታቋርጥ። «ጠቆር አድርገህ ሥራላት እንጂ።»